የጣሪያን ውሃ መያዝ፦ ለደብረ ብርሃን ግቢዎች

ደብረ ብርሃን በፋብሪካና በአዲስ ሰፈር በፍጥነት እየሰፋች ነው። ሣር የነበረው መስክ ቆርቆሮና ኮብልስቶን ለብሶ፣ አፈሩ ይጠጣው የነበረ የሐምሌ ዝናብ አሁን በታችኛው ሰፈር ደጃፍ አድርጎ ወደ በሬሳ ወንዝ ይወርዳል። ጣሪያው ላይ ብንይዘው ጎርፉም ይቀንሳል፣ ቧንቧ ሲቋረጥም ውሃ አይቸግርም።

መጀመሪያ ሂሳቡ። በ1 ካሬ ጣሪያ ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ ለሚረጨውና ለሚተነው 20 በመቶ ይቀነስ። 60 ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,440 ሊትር ይገኛል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በሁለት እንዲህ ባሉ ቀናት ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ከሮቶው እኩል የትርፉ መውጫ ይታሰብበት።

አሸንዳው በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ ክር ወጥራችሁ በውሃ ልክ አረጋግጡ። መያዣ ብረቱን በየ60 ሳንቲ ሜትር ምቱት። ከዚያ ከተራራቀ በረዶ የጣለ ቀን አሸንዳው ይጎብጣል፤ የጎበጠው ቦታ ውሃ ያቁርና ትንኝ ይፈለፈልበታል።

የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው አይግባ። ከሮቶው በፊት ቱቦውን በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ከፍላችሁ፣ ክዳኑ ግጥም ካለ የ60 ሊትር በርሜል ጋር አገናኙት፤ በርሜሉ ሲሞላ ንጹሁ ውሃ ወደ ሮቶው ያልፋል። ከዝናቡ በኋላ በርሜሉን ከታች ባለው ቧንቧ አፍስሱት። ካልፈሰሰ የሚቀጥለው ቆሻሻ በቀጥታ ሮቶ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መሠረቱ ነው። የሞላ ሮቶ 2 ቶን ይመዝናል። መረሬ አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ሮቶው ሲያዘም ቱቦው ከአንገቱ ይሰበራል። ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ጭቃ ሳይሆን፣ 50 ሳንቲ ሜትር መረሬ አውጡ፤ በድንጋይና በገረጋንቲ ሞልታችሁ ጠቅጥቁት፤ ላዩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት አፍስሱ።

የትርፉ ቱቦ ከመግቢያው አይጥበብ። ውሃው ከቤቱም ከጎረቤት አጥርም ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት፤ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ወደ ሰፈሩ ይወጣል። ትርፉ ወደ መሬት የሚሰርግበት ማስረጊያ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ውሃ ሙሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ውሃው ካለ አፈሩ አያሰርግም። ያኔ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ወደ አትክልቱ፣ የቀረው ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ይሂድ።

ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ አለ። ሮቶው ቶሎ አይበርድም፤ የሚፈነዳው ውጭ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ጭድ በጆንያ ጠቅልላችሁበት በላስቲክ ሸፍኑት፤ የረጠበ ጭድ ብርድ አይከላከልም። ከሮቶው ሥር መዝጊያ ካለ ደግሞ ማታ ዘግታችሁ ቱቦውን ባዶ አሳድሩት።