አስም ኖሮበት ለዌስት ፖይንት ለሚያመለክት
አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ዌስት ፖይንት (የምድር ጦሩ አካዳሚ) ወይ አናፖሊስ (የባህር ኃይሉ አካዳሚ) ሊያመለክት ፈልጎ አስም ነበረበት ከተባለ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ችግር የሚሆነው 13 ዓመት ከሞላው በኋላ የታየው ነው። የአመልካቾችን ጤና የሚገመግመው የመከላከያው ቢሮ ዶድመርብ (DoDMERB) ዲስኳሊፋይድ (ብቁ አይደለም) ብሎ ቢጽፍም ዌቨሩን (የጤና ችግሩ ታልፎለት እንዲገባ የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ) የሚወስነው እሱ ሳይሆን አካዳሚው ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤው መጣ ብላችሁ ማመልከቻውን እንዳታቋርጡ፣ ኖሚኔሽኑንም (እንደ ኮንግረስ አባል ካሉ ሰዎች የሚገኘውን እጩነት) ቀጥሉ። እስከዛ የሐኪም ፋይሉን አስወጡና ራሳችሁ አንብቡት፣ አንዳንዴ እኮ ለጉንፋን ሳል የታዘዘች አንዲት አልቡቴሮል ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ የትንፋሽ መድኃኒት) «አስም» ተብላ ተመዝግባ ትገኛለች፣ እንደዛ ከሆነ ሐኪሙ በጽሁፍ ያብራራላችሁ። የፋርማሲ ሪከርድም ያዙ፣ መድኃኒቱን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳወጣ የሚያሳየው እሱ ነው። ፎርሙ ላይ ግን በናታችሁ ምንም አትደብቁ። ሜታኮሊን የሚባለውን የትንፋሽ ምርመራ ደሞ ሳይጠይቋችሁ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ አትሩጡ፣ ካስፈለጋቸው ራሳቸው ያዛሉ።