ከጓሮ ቲማቲም ፈጣን ሾርባ ስትሰሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጓሮ የተለቀመ ቲማቲም እጃችሁ ላይ ካለ ሾርባው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። 1 ኪሎ ቲማቲም፣ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ጨው ለ4 ሰው ይበቃል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ወይ ይቀጥናል፣ ወይ ይኮመጥጣል፣ ወይ ምንም ምንም አይልም። ያን ጊዜ ቲማቲሙን እናማለን። እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ነው እላለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ውሃ ነው። ሾርባ ስለተባለ ብቻ ገና ከመጀመሪያው ውሃ እንገለብጥበታለን። ቲማቲም እኮ ከመቶ 94 እጁ ገደማ ራሱ ውሃ ነው! ቆራርጣችሁ ድስት ውስጥ ጨምሩት፣ ትንሽ ጨው ነስንሱበት፣ ክዳኑን ግጠሙና በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ ተዉት። ጨው ውሃውን ቶሎ ያስወጣዋል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ በገዛ ውሃው ሲንተከተክ ታገኙታላችሁ። ከተፈጨ በኋላ ወፍሮ ካስቸገራችሁ ያኔ በግማሽ ኩባያ፣ በግማሽ ኩባያ እያላችሁ አቅጥኑት። ቀድሞ ከቀጠነ ደግሞ ዱቄት አትጨምሩበት፣ ጣዕሙን ያደበዝዘዋል። ክዳኑን ከፍታችሁ ትንሽ እንዲመጥ አድርጉት።

ሁለተኛው ሽንኩርትና ቲማቲም አንድ ላይ መጨመር ነው። ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ግን አይቆጥብም። የቲማቲሙ አሲድ ሽንኩርቱ እንዳይለሰልስ ይይዘዋል፤ ግማሽ ሰዓት ብታበስሉት እንኳን ጥርስ ላይ ኩርሽም ሊል ይችላል። መጀመሪያ ሽንኩርቱን በዘይት 7 ወይም 8 ደቂቃ በዝግታ አቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ከሱ ጋር አይግባ፣ ቶሎ ያርርና ድስቱን በሙሉ ያመርረዋል። ቲማቲሙ ሊገባ 1 ደቂቃ ሲቀረው ጣል አድርጉት፣ በቃ።

ገና ያልበሰለ ቲማቲም መልቀምም አለ። ቀይ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከተክሉ የተቀጠፈበት አካባቢ ስታሸቱት የቲማቲም ሽታው ሊያውዳችሁ፣ ጫን ስትሉትም ለስለስ ሊል ይገባል። ካልደረሰ ጥቂት ቀን ጠረጴዛ ላይ ይቆይ እንጂ ፍሪጅ አይግባ። ከ12 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ሽታውን ያጠፋዋል።

ቲማቲሙ ውስጥ በዘሩ ዙሪያ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ የምትጥሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ! ለቲማቲም ያንን ደስ የሚል ጣዕም የሚሰጠው ግሉታሜት ከሥጋው ይልቅ እዚያ ውስጥ ነው የሚበዛው። ዘሩ ካልተመቻችሁ ከበሰለ በኋላ በወንፊት አጥልሉት። ልጣጩም በዚያው ይቀራል፣ አስቀድሞ መላጥ አያስፈልግም።

ድስቱስ? ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም ወይም ብረት ከአሲዱ ጋር ተነካክቶ የብረት ጣዕም ያመጣል። የማይዝግ ብረት ድስት ይሻላል።

ሲኮመጥጥ ወዲያው ስኳር የምንቆልልበት ነገር አለ። መጀመሪያ ጨዉን ቅመሱ፤ ጨው ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ጎልቶ ይሰማል። ካልተስተካከለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃዋል። እኔ ግን አንድ ካሮት ከሽንኩርቱ ጋር ማብሰሉን እመርጣለሁ፣ ጣፋጭነቱ የተጨመረ አይመስልም። ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳም አሲዱን ይሰብረዋል፤ ስለሚገነፍል ድስቱ እስከ አፉ አይሙላ፣ ከበዛም ሳሙና ሳሙና ይላል።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ያዙልኝ። ትኩስ ሾርባ ብሌንደር ሞልቶ መፍጨት አደጋ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፤ እኔ በዚህ እጄን ተቃጥያለሁ። ከግማሽ በላይ አትሙሉ፣ የክዳኑን መሃል ትንሿን ውታፍ አንሱና በንጹህ ፎጣ ሸፍናችሁ ያዙ። ድስቱ ውስጥ የሚገባ የእጅ መፍጫ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ተገላግሏል።

ወተት ወይም ክሬም የምትወዱ ደግሞ የሚፈላ ሾርባ ላይ አትገልብጡት፣ ይቋጥራል። ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ ከሾርባው አንድ ሁለት ጭልፋ ወተቱ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ መልሳችሁ ቀላቅሉት። ዳግም እንዳይፈላ። ክሬም ቅባቱ ስለሚበዛ እንደ ወተት ቶሎ አይቋጥርም።

ሌላው ከልክ በላይ ማብሰል ነው። ቲማቲሙ ከገባ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ትኩስነቱ ጠፍቶ ወጥ ወጥ ይላል። በሶብላ ካላችሁም መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ሲወርድ ይግባ።

የተረፈውን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጋችሁ ለማቆየት ካሰባችሁ ወተቱን ሳትጨምሩ በፊት ቀንሳችሁ አስቀምጡ፣ ወተቱን ስታሞቁት ትጨምሩበታላችሁ።