ራስት፦ ክሎዠር ለሚቀበል ፈንክሽን ትሬይት አመራረጥ

በራስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ክሎዠር (በዙሪያው ያሉ እሴቶችን መያዝ የሚችል ስም የለሽ ፈንክሽን) የሚቀበል ፈንክሽን ከመጻፋችሁ በፊት፣ ክሎዠሩን ውስጥ ላይ እንዴት እንደምትጠሩት ወስኑ፤ ትሬይቱ (ዓይነቱ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚገልጸው ውል) የሚመረጠው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ኤፍኤን-ዋንስ (FnOnce) ይበቃል። ደጋግማችሁ በተራ የምትጠሩት ከሆነ ኤፍኤን-ሚውት (FnMut)፤ በጋራ ሪፈረንስ (እሴቱን ሳይወስዱ በመዋስ) ወይም ከብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሄዱ የሥራ ክሮች) የምትጠሩት ከሆነ ደግሞ ኤፍኤን (Fn) (ለትሬዶቹ ሲንክም፣ ማለትም በትሬዶች መካከል መጋራት እንደሚቻል የሚገልጸው ትሬይት፣ ያስፈልጋል)። ብዙዎች ከልማድ ኤፍኤን ይጽፋሉ። እሱ ግን ከሦስቱ ጥብቁ ነው፤ ቆጣሪ የሚጨምር ተራ ክሎዠር እንኳ አያልፍም። ኤፍኤንን የሚያሟላ ሁሉ ሌሎቹን ሁለቱን ያሟላልና ላላ ያለውን ብትጠይቁ የሚቀርባችሁ የለም።

ፓራሜትሩን «ኢምፕል ኤፍኤን-ሚውት» (impl FnMut፣ ትሬይቱን የሚያሟላ ማንኛውም ዓይነት) ብሎ ማወጅ ይቻላል፤ ከራስት 1.26 ጀምሮ ይሠራል። ከስሙ ፊት ሚውት (mut፣ ሊለወጥ የሚችል) ካልጨመራችሁ፣ ስትጠሩት ስህተት ኢ0596 ይመጣል።

በጣም የሚያምታታው ሙቭ (move፣ ክሎዠሩ የሚይዛቸውን እሴቶች ወደ ራሱ የሚያስገባ ቃል) ነው። ሙቭ ክሎዠሩን ኤፍኤን-ዋንስ አያደርገውም! እሱ የሚወስነው እሴቱ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ብቻ ነው። ትሬይቱ የሚለየው አካሉ በእሴቱ ላይ በሚሠራው ነው። ስትሪንግ በሙቭ ይዞ ርዝመቱን ብቻ የሚያነብ ክሎዠር ኤፍኤን እንደሆነ ይቀራል። ስትሪንጉን ራሱን አውጥቶ ከመለሰ ግን ሁለተኛ ሊጠራ አይችልም፤ ኤፍኤን ለሚጠብቅ ፈንክሽን ስትሰጡት ኢ0525 ይላችኋል። መፍትሔው ቅጂውን መመለስ ነው።

ትሬድ ስትከፍቱ ኢ0373 ከመጣ፣ ክሎዠሩ የተዋሰው ተለዋዋጭ ከትሬዱ በፊት ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ሙቭ ጨምሩ፤ እሴቱ ውጭም የሚፈለግ ከሆነ በአርክ (Arc፣ ትሬዶች አንድ እሴት በጋራ እንዲይዙ የሚያደርግ መጠቅለያ) ጠቅልላችሁ የአርኩን ቅጂ አስቀድማችሁ አውጡ። ከራስት 1.63 ወዲህ ደግሞ ስኮፕ ያላቸው ትሬዶች (የተከፈቱበት ክፍል ከማለቁ በፊት የሚጨርሱ) ስላሉ፣ መዋሱ ብቻ በቂ ሲሆን አርክ አያስፈልግም።

እያንዳንዱ ክሎዠር የራሱ ዓይነት አለው፤ ጽሑፋቸው አንድ ቢሆን እንኳ። እሴት የያዙ ሁለት ክሎዠሮችን በአንድ ቬክ (ዝርዝር) ለማስቀመጥ ቦክስ (እሴቱን ሂፕ በሚባለው የማስታወሻ ክፍል የሚያኖር) ውስጥ «ዳይን ኤፍኤን» (dyn Fn፣ ትክክለኛው ዓይነት የተደበቀበት) አድርጓቸው። ለጊዜው ለማሳለፍ ብቻ ከሆነ ግን የሚውት ሪፈረንስ ወደ «ዳይን ኤፍኤን-ሚውት» ይበቃል፤ ሂፕ አይነካም፤ ሪፈረንሱ በ64 ቢት ማሽን 16 ባይት ነው።

ይህ አጻጻፍ በተለይ ሪከርሲቭ ፈንክሽን ላይ ያድናል። ኢምፕል የሚቀበል ፈንክሽን ራሱን በክሎዠሩ የሚውት ሪፈረንስ ሲጠራ፣ በየደረጃው በሪፈረንስ ላይ ሪፈረንስ የተደረበበት አዲስ ዓይነት ይፈጠራል። ኮምፓይለሩም የሪከርሽን ገደብ ላይ ደርሻለሁ ብሎ ይቆማል። ፓራሜትሩን ወደ ዳይን ስትቀይሩት ዓይነቱ በየደረጃው አንድ ስለሚሆን ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል።