አረቄ ለማቆም አብሮ የሚቀመጥ ሰው ፍለጋ፣ ደሴ ላይ

«የደሴ ብርድ ያለ አረቄ አይገፋም» የምል ሰው ነበርኩ። ያቆምኩት በሦስተኛው ሙከራ ነው። ሁለቱን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። በየቀኑ ስትጠጡ ቆይታችሁ ድንገት ካቆማችሁ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። ሲብስ ራስን ስቶ መንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ማየትም አለ። በተለይ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከባድ ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ በሬን ዘግቼ ተኛሁ። ሞኝነት!

ሆስፒታል ስትሄዱ የአእምሮ ጤና ክፍሉን «መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰብ ቡድን ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካጣችሁ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር፣ በኢንተርኔት ስብሰባ አለው፤ በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች የጀመሩት ነው። ክፍያ የለውም፤ ለማቆም መፈለግ ይበቃል።

ቡድኑ ጋ በምትሄዱበት የመጀመሪያው ቀን መናገር ግዴታ አይደለም። ስም ብቻ፣ የአባት ስም አያስፈልግም። እኔ «ሰው ያየኛል» ብዬ በጓሮ በር ገባሁ። ጎረቤቴ ቀድሞኝ ተቀምጧል! ሁለታችንም መሬት መሬት አየን፣ ከዚያ ሳቅን።

ስትመለሱ በአረቄ ቤቱ በኩል አትለፉ። እኔ ከፒያሳ በዳገቱ ነው የምዞረው። ጉልበቴን ያመኛል፤ ግን እዞራለሁ።