ከቆቦ ሜዳ ወደ ላስታ ተራራ በመኪና እንዴት እንደሚኬድ

ከቆቦ በወልድያና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ ለሚደርሰው ለዚህ መንገድ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ላይ ያለው ማሽላ ደግሞ ገና አልታጨደም። ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም። ከወልድያ በላይ ያለው የድልብ ዳገት በጭጋግ ይሸፈናል፣ ከገደሉም ድንጋይ ይወርዳል።

በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ ከጋሸና የገቡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቁ። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ውሃ፣ የፍሬን ዘይቱንና የፍሬን ሸራውን እዩ። 5 ሊትር ውሃ፣ ክሪክና ጎማ ማስደገፊያ ታኮ ይጫን። ትርፍ ጎማውንም አስነፉት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ከቆቦ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። እስከ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዞብል ተራሮች በግራ ይታያሉ። ሮቢትና ጎብዬ ላይ ባጃጅና ከብት ስለሚበዛ ቀስ በሉ። አንድ ግመል ከተሻገረ ሌሎቹ መከተላቸው አይቀርም፣ ስለዚህ ቁሙ እንጂ ጡሩምባ አትንፉ።

ወልድያ ላይ ነዳጅ ሙሉና ቀጥሉ። ጠዋት ፀሐይዋ ከኋላችሁ ስለምትሆን የድልብ ገደል ፊት ለፊት በርቶ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጥላ ይወርሰዋል። ቆቦ 1,500 ሜትር አካባቢ፣ ጋሸና ወደ 3,000 ሜትር ናት። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ መኪናው ቢደክም አትደንግጡ። ማርሽ ቀንሱ እንጂ ነዳጅ እየረገጣችሁ አታስጨንቁት። የሙቀት ጌጁ ከወጣ ኤርኮንዲሽን አጥፍታችሁ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ። የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አትንኩ፤ የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል።

ዋናው አደጋ ግን ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያግላል፣ ዘይቱም ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆማችሁ በራሱ ይቀዝቀዝ፤ ውሃ ከደፋችሁበት የፍሬኑ ታምቡር ይሰነጠቃል። ለሚወጣ መኪናም ቅድሚያ ስጡ፣ ከቆመ መነሳት ይከብደዋል።

ጋሸና ብርድ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። ከዚያ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ከተማዋ ልትገቡ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ ነአኩቶ ለአብ የሚባለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳ ይጠራቀማል። እዚያ ለመቆም ካሰባችሁ ከጋሸና ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ተነሱ።