ጭራቁን ቶሎ አታሳዩት

የሚያስፈራ ታሪክ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተረት ያገኛችሁትን ፍጡር እንዳለ አንስታችሁ ገጹ ላይ አታስቀምጡት። ቀንድና ጥፍር የሚያስፈራው ለጥቂት መስመር ነው። መጀመሪያ ሰው ያንን ተረት የፈጠረው ምን ፈርቶ እንደሆነ ጠይቁ።

ዱካክን ውሰዱ። አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና በእንቅልፍ እንደታሰረ ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው፣ ሳይንሱ ይኼው ነው። ግን ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦበት መጮህ ላቃተው ሰው ይህ ማብራሪያ ምን ይፈይድለታል? አሁን ልጅ ሳለ ሲበደል ድምፁን ማውጣት ያልቻለ ገጸ ባሕርይ አምጡና ዱካኩን እሱ ላይ አስቀምጡት፤ ያኔ ፍጡሩ ከውጭ ይምጣ ከውስጥ አንባቢው እርግጠኛ መሆን ያቅተዋል፣ እናንተም አትንገሩት።

የራሳችሁን ቁስል ስትጠቀሙ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ለመተረክ አትቸኩሉ። ሰውነታችሁ የያዘውን ጻፉ፦ የበር እጀታ ሲዞር የሚሰማውን ድምፅ፣ ኮቴው በሩ ጋ ሲቆም የተያዘውን ትንፋሽ። እኔ ሙሉውን ታሪክ ስጽፍ የወጣልኝ ደረቅ ሪፖርት ነበር። ሁሉንም ሰርዤ የእጀታዋን ድምፅ ብቻ ስተው ግን ያን ማታ መብራት ሳላጠፋ ነው የተኛሁት (እውነቴን ነው)።

እየጻፋችሁ እጃችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይ እንቅልፍ ካጣችሁ አቁሙና ለምታምኑት ሰው ደውሉ፣ ረቂቁ ይቆያል።