ሰጎን በምን ትተነፍሳለች? ለልጆች ስለ ዱር እንስሳት ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ማታ ከመተኛቷ በፊት «የሚገርም ነገር ልንገርሽ?» አልኳት። ሰጎን ስትፈራ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች ብዬ በልበ ሙሉነት ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ አሰበችና «ታዲያ በምን ትተነፍሳለች?» አለችኝ።

ጭጭ አልኩ። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ጥያቄው ግን አንድም ቀን ወደ ጭንቅላቴ መጥቶ አያውቅም።

በማግስቱ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሰጎን ጭንቅላቷን አትቀብርም። እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ በተጫረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በየጊዜው አንገቷን ዝቅ አድርጋ በመንቁሯ ታገላብጠዋለች። ከሩቅ ለሚያያት ጭንቅላቷ የተቀበረ ይመስላል። አደጋ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ ልጥፍ ትላለች። ያኔ የሚታየው የሰውነቷ ጉብታ ብቻ ነው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ ለምትችል ወፍ መቀበር ምን ያደርግላታል? ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ሰጎን አንገቷን ቁጥቋጦ ውስጥ ስትከት መላ ሰውነቷ የተደበቀ ይመስላታል ብሎ ከጻፈ 2000 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ወሬ ሲሰነብት እንዲህ ነው።

ከዚያች ማታ ወዲህ ለልጆች የምነግረውን ሁሉ እየፈተሽኩ ነው። ስንት ነገር ተሳስቼ እንደነበር ብታዩ! የባሰብኝን ልዘርዝር።

የሰሙትን ሳይጠይቁ ማቀበል

ለልጅ ከማውራታችሁ በፊት እንደ ልጅ ጠይቁ። በምን? እንዴት? ለምን? ብዙው የውሸት ወሬ በዚህች ወንፊት አያልፍም።

ዝሆንን እዩ። «ዝሆን በኩምቢው ውሃ ይጠጣል» እንላለን። ኩምቢው ግን አፍንጫው ነው። በአፍንጫ ውሃ ይጠጣል እንዴ? (እባካችሁ እንዳታስሞክሯቸው።) ዝሆን ውሃውን ወደ ኩምቢው ይስብና መልሶ አፉ ውስጥ ይረጨዋል። ኩምቢው ባልዲ እንጂ ስትሮ አይደለም።

ጃርትም እሾኋን እንደ ቀስት አትወረውርም። እሾኹ በቀላሉ ስለሚነቀል የነካት እንስሳ ሥጋ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ይልቅ የሚያስቀው ሌላው ነው። ጃርት ስትናደድ ወደ ጠላቷ የምትሮጠው በጀርባዋ፣ የኋሊት ነው።

የጉማሬው ግን ከሁሉ ያናድደኛል። «የጉማሬ ወተት ሮዝ ነው» የሚል ጽሑፍ በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲዞር ታዩታላችሁ። ውሸት ነው፤ ወተቷ ነጭ ነው። ወሬው የተነሣው ከቆዳዋ ሳይሆን አይቀርም። ጉማሬ ከቆዳዋ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ታወጣለች። መጀመሪያ ቀለም የለውም፤ ከደቂቃዎች በኋላ ቀይ፣ ቆይቶ ደግሞ ቡናማ ይሆናል። ድሮ «ጉማሬ ደም ያልባታል» የሚባለው ለዚህ ነው። ፈሳሹ ደምም ላብም አይደለም። ከፀሐይ ይከላከልላታል፤ ቁስሏም ላይ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግዳል። እስቲ ፍረዱ፤ ሮዝ ወተት ይሻላል ወይስ የፀሐይ ክሬሟን ራሷ የምትሠራ፣ ከአንድ ቶን በላይ የምትመዝን እንስሳ? እውነቱ እያለ ውሸት ለምን እንደምናወራ አይገባኝም።

በስም መታለል

ይህኛው ስህተት የእኛው ነው፤ ከቋንቋችን የመጣ።

የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም። ላባ የላትም፣ እንቁላል አትጥልም፣ ልጇን ጡት ታጠባለች። በእውነት መብረር የምትችል ብቸኛዋ አጥቢ እንስሳ ናት። ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ። ልጁ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እንዲበትን አድርጉ። «አሁን ጣቶችህ ከቁመትህ በላይ ረዘሙ እንበል። መሃላቸው ላይ ደግሞ ስስ ቆዳ ተወጠረ።» በቃ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ ማለት ይኸው ነው፤ እጅ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ከሰማች በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ጣቶቿን በትና ቤቱን ስትዞር ነበር። ዕውር ናት የሚለውም ስህተት ነው። ከ1400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች አሉ፤ ዕውር የሆነ የለም። ብዙዎቹ በጨለማ የሚመሩት ድምፅ አውጥተው የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው፤ ዓይናቸውም ግን ይሠራል።

ዓሣ ነባሪም ዓሣ አይደለም። አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሴቷ ወልዳ ታጠባለች። የባሕር ፈረስ ደግሞ በግልባጩ ነው፤ በስሙ ፈረስ፣ በተፈጥሮው ዓሣ። ያውም የሚያረግዘው ወንዱ ነው! ሴቷ እንቁላሏን ሆዱ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ታስቀምጥለታለች፤ እሱ ተሸክሞ ይፈለፍላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ አባታቸው ይዞራል። ሁሌም።

የነብር ነገርስ? በልጆች ሥዕል ላይ «ነብር» ተብሎ ከተጻፈበት ጎን ቁልቁል መስመር መስመር ያለው ብርቱካናማ እንስሳ አይቼ አውቃለሁ። ነብር ዥንጉርጉር ነው። መስመር ያለው ታይገር ሌላ ነው፤ በዱር የሚኖረው እስያ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ስም ለሁለት ስለምናውል ልጁ ግራ ይገባዋል። አቦሸማኔም ከነብር ጋር ይምታታል። መለያው ቀላል ነው። ከዓይኑ ሥር እስከ አፉ እንባ የወረደበት የሚመስል ጥቁር መስመር ካለው አቦሸማኔ ነው። ነጠብጣቦቹም ድፍን ናቸው፤ የነብር ግን እንደ አበባ መሃላቸው ክፍት ነው።

ጎሪላና ቺምፓንዚን «ዝንጀሮ» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ጅራት ፈልጉ። የላቸውም።

ተረትን እንደ እውነት መንገር

ተረት እወዳለሁ። ጅብ ሆዳም፣ ጅብ ሞኝ፣ ጅብ ፈሪ እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። ተረቱ ይቀጥል። ግን ልጁ «ይህ ተረት ነው፣ ይህኛው እውነት ነው» ብሎ መለየት አለበት።

እውነተኛው ጅብ ከተረቱ በጣም ይለያል። ነጠብጣብ ያለበት ጅብ ከሚበላው አብዛኛውን ራሱ አድኖ የሚያገኝ አዳኝ ነው። ሐንስ ክሩክ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታንዛኒያ፣ በንጎሮንጎሮና በሰረንጌቲ፣ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን ተከትሎ አጠና። ጠዋት ላይ አንበሳ ሲበላ፣ ጅቦች ዳር ቆመው ሲጠብቁ የሚያይ ሰው ጅቡ ፍርፋሪ ለማኝ ይመስለዋል። ሌሊቱን የነበረ ግን ሌላ ነገር ያያል። ብዙ ጊዜ የገደሉት ጅቦቹ ነበሩ፤ አንበሳው ነው መጥቶ የቀማቸው። «የአራዊት ንጉሥ» እንዲህ ነው እንግዲህ።

ሌላም አለ። በጅቦች መንጋ አለቆቹ ሴቶች ናቸው፤ ከወንዶቹም ይገዝፋሉ። መልኩ ውሻ ቢመስልም ጅብ በዝምድና ለድመት ወገን ይቀርባል። አጥንት ስለሚፈጭ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። አዎ፣ ኩሱን ንገሯቸው። ትልልቆቹ «ኧረ ነውር ነው» ብለን የምንዘለውን ነገር ልጆች በጣም ይወዱታል። ዎምባት የሚባለው የአውስትራሊያ እንስሳ ኩሱ እንደ መጫወቻ ዳይስ የኩብ ቅርጽ ያለው ነው ብላችሁ ንገሩና ምን እንደሚሆኑ እዩ።

እስስትም በስሙ ተጎድቷል። ሰው አቋሙን ሲለዋውጥ «እስስት» እንለዋለን፤ ልጆችም እስስት ያረፈበትን ቀለም ሁሉ የሚቀዳ ይመስላቸዋል። ቀይ ጨርቅ ላይ ቢያስቀምጡት ቀይ አይሆንም። ቀለሙን የሚለውጠው በአብዛኛው ሲሞቀው፣ ሲበርደው፣ ሲናደድ፣ ሴት ሲያባብል ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት የአንድ እስስት ቆዳ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉ አሳይተዋል። እስስቱ በክሪስታሎቹ መካከል ያለውን ርቀት ሲያሰፋና ሲያጠብ ቆዳው የሚመልሰው የብርሃን ቀለም ይለወጣል። ማለትም መደበቁ ሳይሆን ስሜቱን በቆዳው መናገሩ ነው።

ቁጥር መደርደርና ቁጥር ማጋነን

30 ሜትር ለስድስት ዓመት ልጅ ባዶ ቃል ነው። ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 30 ሜትር ይደርሳል ከማለት ወደ ውጭ ውጡና 60 እርምጃ ያህል አስቆጥሯት። «እዚህ ጋ አፍንጫው፣ እዚያ ጋ ጅራቱ።» ዝሆን 22 ወር ያረግዛል ከማለት ደግሞ «ካለፈው ልደትሽ እስከሚቀጥለው ልደትሽ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ 10 ወር» በሏት። «እሰይ፣ እኔ ዝሆን አይደለሁም!» ትላለች።

ማጋነኑ ሌላ ጣጣ ነው። የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ልብ መኪና ያክላል፣ ሰው በደም ሥሩ ውስጥ ይሳባል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ካናዳ ያለው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ሞቶ የተገኘ የአንዱን ልብ አውጥቶ ሲያየው ክብደቱ 180 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ። መኪና አይደለም፤ ግን ሁለት ትልልቅ ሰው የሚያክል ልብ ነው። አይበቃም?

የአቦሸማኔ ፍጥነትም እንዲሁ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እየተባለ ይጻፋል። ቦትስዋና ውስጥ በዱር አቦሸማኔዎች አንገት ላይ መለኪያ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናት የተመዘገበው ከፍተኛ ፍጥነት 93 ነው። አብዛኛው አደን ከዚያም በጣም ይዘገያል። ምስጢሩ ሩጫው ብቻ አይደለም፤ በድንገት መታጠፉና ፍሬን መያዙም ነው። «የዓለም ፈጣኑ እንስሳ» ስትሉም «በእግር ከሚሮጡት» የምትለዋን አትርሷት። ፔሬግሪን የሚባለው ጭልፊት ከሰማይ ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ፊታቸውን እንደ ሰው ማንበብ

ጥርሱን ገጥሞ ከንፈሩን ወደ ኋላ ስቦ «የሚስቅ» ቺምፓንዚ ፎቶ ብዙ ቦታ አለ። ልጆች አብረውት ይስቃሉ። ያ ፊት ግን ብዙውን ጊዜ የፍርሃት ፊት ነው። ቺምፓንዚ በጨዋታ ሲደሰት አፉን ከፈት ያደርጋል፤ የላይኛው ጥርሱ ግን በከንፈሩ ይሸፈናል።

ሌላም ቪዲዮ አለ። ስሎው ሎሪስ የምትባል፣ ዓይኗ እንደ ሳህን የፈጠጠ ትንሽ የእስያ እንስሳ ብብቷን ሲኮረኩሯት ሁለት እጇን ወደ ላይ ታነሣለች። «ወይኔ ስታምር! ደስ ብሏት እኮ ነው!» ይላል ሰው ሁሉ። እኔም ብያለሁ፤ ለሦስት ሰው ልኬውም ነበር። እጇን የምታነሣው ራሷን ለመከላከል ነው። ክንዷ ላይ ያለው ዕጢ የሚያወጣው ፈሳሽ ከምራቋ ጋር ሲቀላቀል መርዝ ይሆናል። ያንን ቪዲዮ አሁን ሳየው ሆዴን ይበላኛል።

ፔንግዊንና ነጭ ድብን በአንድ በረዶ ላይ የሚሥሉትንም ተዉአቸው። ድቡ በሰሜን ዋልታ፣ ፔንግዊኑ ከሞላ ጎደል በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነው የሚኖረው። ተገናኝተው አያውቁም።

ዕውቀት ለማሳየት መልስ መፍጠር

ልጅ ሲጠይቀን ክብራችን የተነካ ይመስል የመጣልንን እንመልሳለን። እኔም ያቺን ማታ «በአሸዋው ቀዳዳ በኩል ነዋ የምትተነፍሰው» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንኳን ዋጥኩት።

በአንድ ጊዜ አሥር ነገር መንገርም አያዋጣም። አንድ ማታ፣ አንድ እንስሳ። ባለፈው ተራው የቀጭኔ ነበር።

«ቀጭኔ አንገቷ ውስጥ ስንት አጥንት ያለ ይመስልሻል?» አልኳት።

«መቶ!»

«ሰባት ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺም ሰባት። የእሷ አንዱ ብቻውን ከማስመሪያሽ አይተናነስም እንጂ።»

አላመነችኝም። እጇን ወደ ማጅራቷ ሰዳ በጣቷ እየዳበሰች መቁጠር ጀመረች። ሦስት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሰጎንስ?»

«ነገ አብረን እናያለን» አልኳትና መብራቱን አጠፋሁት።